4 ተብሎ የተጻፈው 3,300

ትልቅ የሚባለው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 150 ቶን ይደርሳል። በእኛ ገበያ አነጋገር 1,500 ኩንታል መሆኑ ነው፤ 50 ኩንታል የሚጭን መኪና 30 ጊዜ ይመላለስበታል። ምላሱ ብቻውን ዝሆን ያክላል። ይህን የመሰለ ፍጥረት በአንታርክቲክ ባሕር በአንድ የአደን ወቅት ብቻ፣ በ1930/31 (እ.ኤ.አ.)፣ ከ29,000 በላይ ታርዷል። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው አንድ ዜሮ በስሕተት የገባ መስሎኝ ነበር።

ቀድሞ አዳኙ በጀልባ እየቀዘፈ ተጠግቶ በእጁ ጦር ይወረውር ነበር። ስፐርም ከሚባለው ዝርያ በዚያ ዘዴ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ 300,000 ያህል ተገድሏል። በ1870 ኖርዌጂያዊው ስቬን ፎይን ጫፉ ላይ ፈንጂ ያለው፣ በመድፍ የሚተኮስ ጦር በስሙ አስመዘገበ፤ መርከቡም በሞተር መሄድ ጀመረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሁለት መቶ ዓመቱ የስፐርም እልቂት በ60 ዓመት ገደማ ተደገመ፤ በቀጣዩ አሥር ዓመት ደግሞ ሌላ ያንኑ ያህል ተጨመረበት። ሁሉም ዝርያ ሲደመር ክፍለ ዘመኑ የበላው 2.9 ሚሊዮን ግድም ነው።

ይህ ሁሉ ለዘይት ነው። ለመብራት መሆኑ ካበቃ በኋላ ኬሚስቶች ፈሳሹን ዘይት ማርጋት ቻሉና ማርጋሪንና ሳሙና ሆነ። አውሮፓ ዳቦዋ ላይ ቀባችው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአንታርክቲክ አደን ገደብ ሲወጣ መለኪያው ራሱ ዘይት ሆነ። «የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አሐድ» ይሉታል፤ በወቅት 16,000 አሐድ ተፈቀደ። ከሌሎቹ ዝርያዎች ጋር ሲነጻጸር ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 1 ሰማያዊ ከ2 ፊን፣ ከ2 ተኩል ሀምፕባክ፣ ከ6 ሴይ ጋር እኩል ነው። ግማሽ ሀምፕባክ የሚዋኝበትን ባሕር እስካሁን አልሰማሁም። የከፋው ግን ይህ ሒሳብ የትኛው ዝርያ እያለቀ እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። ድምሩ እስካልሞላ ድረስ ተኳሹ ሰማያዊ ካየ ሰማያዊውን ይመታል፤ በአንድ ጥይት ብዙ በርሜል የሚገኘው ከእሱ ነዋ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ239,000 ያህል የአንታርክቲክ ሰማያዊዎች የቀሩት 360 ገደማ ነበሩ።

በመዝገብ ላይ የሰፈረውም ቢሆን እውነቱ ሁሉ አልነበረም። የሶቪየት መርከቦች የዕቅድ ኮታ ነበረባቸው፤ ተቆጣጣሪዎቹም የዚያው አገር ሰዎች ነበሩ። ራይት የሚባለውን ዝርያ መግደል ከ1935 ጀምሮ ተከልክሎ ሳለ፣ በደቡቡ ባሕር ከ3,300 በላይ ገድለው 4 ብቻ ብለው ሪፖርት አደረጉ። በደቡቡ ሀምፕባክም 2,710 ያሉት በእውነቱ ከ48,000 በላይ ነበር። በጠቅላላው ወደ 180,000 የሚጠጋ ከመዝገብ ተሰውሯል።

ታዲያ በምን ታወቀ? መርከቦቹ ላይ የተመደቡ ባዮሎጂስቶች ትክክለኛውን ሒሳብ ይዘው ነበር። ዲሚትሪ ቶርሞሶቭ የተባለው ተመራማሪ እያንዳንዱ የተገደለ ዓሣ ነባሪ የተመዘገበባቸውን 57,000 ያህል ወረቀቶች ድንች በሚያስቀምጥበት ምድር ቤት ሸሽጎ አቆያቸው። በ1993 ሩሲያዊው ባዮሎጂስት አሌክሴይ ያብሎኮቭ ምስጢሩን በይፋ ሲያወጡ እነዚያ ወረቀቶች ምስክር ሆኑ።

ወረቀት ምስክር የሚሆነው ለዚህ ብቻ አይደለም፤ የአርኪኦሎጂ ቁፋሮም አንዳንዴ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። በካናዳ ሬድ ቤይ ጠላቂዎች በ1978 የባስክ ዓሣ ነባሪ አዳኞችን የ16ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ከባሕር ወለል ያገኙት፣ የታሪክ ተመራማሪዋ ሴልማ ባርካም በስፔን መዛግብት ውስጥ ያገኟቸውን ሰነዶች ተከትለው ነው። ልዩነቱ፣ የባስኮቹ ወረቀት 400 ዓመት ሲጠብቅ የሚደብቀው ሰው አላስፈለገውም።

ወደ አንታርክቲክ ባሕር፣ ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት እንመለስ። ኖርዌጂያዊው ካርል አንቶን ላርሰን በ1904 ግሪትቪከን ላይ የመጀመሪያውን ማረጃ ጣቢያ ከከፈተ በኋላ እስከ 1971 ድረስ በደሴቷ ዙሪያ 42,698 ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል። ከ1998 እስከ 2018 ተመራማሪዎች ዓሣ ነባሪ ብለው በመርከብ ሲፈልጉ ሰማያዊውን ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ2020 ተመልሰው ሄዱ፤ 58 ጊዜ አዩ።