ጠዋት የሚበር፣ ከሰዓት የሚደክም ሞተር

በሻርጃ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ያሉ ጋራዦች ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሰሙት ስሞታ ተመሳሳይ ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ያኖርና፣ «ጠዋት ስነዳት ትበራለች፤ ከሰዓት ግን የሌላ ሰው መኪና ትመስላለች» ይላል። የበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም፣ ጭስ የለም፣ ዘይቱም አልጎደለም። ሙያውን አዲስ አበባ ጀምሮ ዛሬ እዚያ በሱፐርቻርጀር መኪኖች ላይ የሚሠራ አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ይህን ሲሰማ መፍቻ ለማንሳት አይቸኩልም። ቀድሞ የሚሰካው ስካነሩን ነው። የሚፈልገውም አንድ ቁጥር ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ስንት ዲግሪ ደርሷል?

ሱፐርቻርጀር በሞተሩ ቺንጋ የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ ነው። ተርቦ ጉልበቱን ከሚወጣው ጭስ ሲያገኝ፣ ሱፐርቻርጀር ግን በቀጥታ ከሞተሩ ይወስዳል፤ ስለዚህ ነዳጅ ከተረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ ይሠራል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ሙቀት ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። ሞተር ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ 25 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር 0.8 ባር ተጨማሪ ግፊት ሲደረግበት፣ መጭመቂያው 70 በመቶ ብቃት ቢኖረው እንኳ፣ ወደ 103 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። በነሐሴ ከሰዓት 45 ዲግሪ ሆኖ የገባው ደግሞ ወደ 128 ዲግሪ ይደርሳል። መግቢያው ላይ የተጨመረው 20 ዲግሪ መውጫው ላይ 25 ሆኖ ጠበቀ ማለት ነው።

ሙቀቱ ሞተሩን በሁለት መንገድ ይጎዳዋል። አንደኛ፣ ትኩስ አየር የሳሳ ነው። በዚያው ግፊት 128 ዲግሪ የነበረው አየር ወደ 60 ቢወርድ፣ በዚያው ቦታ ውስጥ የሚይዘው ኦክስጅን በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለተኛውና የከፋው ማንኳኳት ነው። የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት፣ የሲሊንደሩ ጥግ ላይ ያለው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ይህ ሲደጋገም ፒስተን ይሰብራል። የዘመኑ ሞተር ኮምፒውተር ስላለው ዝም ብሎ አይሰበርም። አየሩ እንደ ሞቀ ሲያውቅ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ያዘገያል፤ አንዳንዱም የአየሩን ግፊት ይቀንሳል። የደንበኛው የከሰዓት ድካም የሚመጣው ከዚህ ነው። መኪናው ራሱን እየጠበቀ ነው፤ የተሰበረ ነገር ላይኖር ይችላል።

ላይኖር ይችላል እንጂ አይኖርም ማለት ግን አይደለም።

በብዙዎቹ ሱፐርቻርጀር ቪ8 ሞተሮች ላይ የተጨመቀውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለር በውሃ የሚሠራ ነው። የጋለው አየር ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት ቀጭን ክንፎች ባሉት የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል፤ በክንፎቹ መሃል የሚዞረው ውሃ ሙቀቱን ተቀብሎ ከፊት ወዳለው ሌላ ትንሽ ራዲያተር ይወስዳል። ውሃውን የሚያዞረው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪኖች የማያውቁት ነገር አለ። ይህ ዑደት ከሞተሩ የማቀዝቀዣ ዑደት የተለየ ነው፤ የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ ራዲያተር፣ ብዙ ጊዜም የራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ስለ እሱ ምንም አይናገርም።

መካኒኩ ይህን ለረዳቱ ያሳየው በቃል አልነበረም። ከጀርመን የመጣ ባለ ሱፐርቻርጀር ሴዳን ገብቶ ልጁ ለረጅም ጊዜ ሲፈትሸው ቆየና፣ «ጋሼ፣ መርፌው እኮ መሃል ላይ ነው፤ ይቺ መኪና ሙቀት የለባትም» አለ። መካኒኩ ስካነሩን አዞረለት፤ መኪናው ቆሞ እየሠራ የገቢው አየር ሙቀት 74 ይላል። «አሁን እጅህን ስደድ» አለውና የትንሹን ራዲያተር ሁለት ቱቦዎች አስያዘው። ሁለቱም የውጭውን አየር ያህል ብቻ ሞቀዋል። ከዚያ እጁን ወደ ኢንተርኩለሩ መግቢያ ቱቦ አስጠጋለት፤ ልጁ ወዲያው እጁን ሰበሰበ። ከላይ ያለው ውሃ ሊፈላ ደርሷል፣ ከታች ያለው ደግሞ የሆነውን አያውቅም። ውሃው ቆሟል። የማጠራቀሚያው ክዳን ሲከፈት የሚንቀሳቀስ ነገር አልታየም፤ ፓምፑ ላይ ኤሌክትሪክ ቢደርስም የፓምፑ የራሱ ሞተር ተቃጥሏል። በዚያ መኪና ላይ ቀደም ሲል ካንዴላ ተቀይሮ ነበር፣ የነዳጅ ፓምፕም ተቀይሮ ነበር።

የመካኒኩ ዋና ትምህርት ከዚህ ይጀምራል። አብዛኛው ባለቤት የሚጠይቀው «ከፍተኛው ስንት ደረሰ?» ብሎ ነው። መካኒኩ የሚመለከተው ግን ከወጣ በኋላ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ነው። መኪናውን ባዶና ምቹ መንገድ ላይ ይወስዳል፣ ስካነሩን እየመዘገበ ለጥቂት ሰከንድ ነዳጁን ይረግጣል፣ ከዚያ በልክ እየነዳ ቁጥሩ ሲወርድ ይከታተላል። ሙቀቱ በፍጥነት ወጥቶ በፍጥነት ከወረደ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው፤ ቁጥሩ ለጊዜው ቢያስደነግጥም ችግር አይሆንም። ቀስ እያለ እየወጣ ከእያንዳንዱ ረገጣ በኋላ ከበፊቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ውሃው እየዞረ ነው፤ ያቃተው የፊተኛው ራዲያተር ነው። በሰከንዶች ውስጥ ሽቅብ ከተተኮሰና ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ውሃው አይዞርም፤ ወይ ፓምፑ ሞቷል፣ ወይ ቱቦው ውስጥ አየር ታስሯል። ሳይረገጥ፣ በእርጋታ ሲነዳም ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ የማለፊያ ቫልቩ ተዘግቶ ተጣብቆ እንደሆነ ይታያል፤ ይህ ቫልቭ ጉልበት በማያስፈልግበት ጊዜ አየሩን መልሶ ወደ መግቢያው ስለሚያዞር መጭመቂያው በከንቱ እንዳይደክም ያደርጋል። አራቱ ሕመሞች ለሾፌሩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

አየር የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ከጥገና በኋላ ነው። ውሃው ተቀድቶ እንደገና ሲሞላ ከላይኛው የዑደቱ ክፍል አየሩ በደንብ ካልወጣ፣ ፓምፑ እየጮኸ ይሽከረከራል እንጂ የሚገፋው ውሃ የለም። አዲስ ፓምፕ ተገጥሞለት ከበፊቱ ብሶ የሚመለስ መኪና ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

በኤምሬትስ ፈተናው ከመንገድ ይልቅ አሸዋ ላይ ይከብዳል። ዓርብና ቅዳሜ አል ባዳየር አካባቢ ያሉትን የአሸዋ ኮረብታዎች የሚወጣ ባለ ሱፐርቻርጀር ጂፕ ነዳጁ ተረግጦ ይቆያል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ ነው። ትንሹ ራዲያተር በመኪናው ፍጥነት የሚመጣውን ነፋስ አያገኝም፣ ያለው የፋኑ አየር ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የኤሲው ራዲያተር በአጠገቡ ወይም ከፊቱ ሆኖ የቤቱን ሙቀት ወደዚያው ይተፋል። ውሃው ደግሞ ከሚያቀዝቅዘው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ በ45 ዲግሪ ቀን 60 ዲግሪ የገቢ አየር ማግኘት ጥሩ ሥራ ነው። ዳርቻው ላይ ቆሞ ሞተር ማጥፋትም ሌላ ወጥመድ ነው። መጭመቂያው የተቀመጠው በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል፣ ከ90 ዲግሪ በላይ በሞቀ ብረት ላይ ስለሆነ፣ ውሃው ሲቆም አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ይጠጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተነሳ መኪና ሳይረገጥ 70 ዲግሪ ያሳያል። ለጥቂት ደቂቃ ቀስ ብሎ መንዳት ይበቃዋል።

ስለ በረዶ የሚጠይቁም አሉ። በቀጥታ ሩጫ የሚወዳደሩ ሰዎች የሻንጣ ቦታ ላይ ተጨማሪ ታንከር አስገብተው በረዶ ይሞሉታል። ስሌቱ የሚናገረው ግልጽ ነው። 700 ፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር በሰከንድ ግማሽ ኪሎ ያህል አየር ይስባል፤ ይህን አየር በ60 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ማለት 30 ኪሎዋት ሙቀት ማውጣት ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ይውጣል። ስለዚህ አምስት ኪሎ በረዶ ሙሉ በሙሉ በተረገጠ ሞተር ላይ ሲቀልጥ የሚሸፍነው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አሥር ሰከንድ ለሚፈጀው ውድድር ተርፎ ይቀራል፤ ለአሸዋ ግን ውሃ ተሸክሞ መዞር ይሆናል። የውሃና የሜታኖል ድብልቅ መርጨትም በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ሞተሩ እሱን ተማምኖ ከተስተካከለ በኋላ ታንከሩ ባዶ የሆነ ቀን ግን የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ከዚሁ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። በ1942 አገልግሎት የጀመረው ስፒትፋየር ማርክ 9 ተዋጊ አውሮፕላን የተገጠመለት የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ባለ ሁለት ደረጃ ሱፐርቻርጀር ስለነበረ፣ የተጨመቀውን አየር የሚያበርድለት የራሱ የውሃ ዑደት ያስፈልገው ነበር። በ2015 የወጣው ኮርቬት ዚ06፣ 650 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ በውድድር ሜዳ ላይ ሙቀት እንደሚያስቸግረው ከባለቤቶቹ ተደጋግሞ ተነገረ፤ ለ2017ቱ ሞዴል አምራቹ ሰፋ ያለ የሙቀት መውጫ ያለው ኮፈን አደረገለት። ዶጅ ደግሞ በ2018ቱ ቻሌንጀር ዲመን ላይ የኤሲውን ማቀዝቀዣ ጋዝ ከተሳፋሪው ክፍል ወደ ኢንተርኩለሩ ውሃ የሚያዞር ዘዴ አስገባ፤ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ፋኑና ፓምፑ እንዲሠሩ አደረገ። ይህ የመጨረሻው፣ መኪና ቆሞ ስለሚጠጣው ሙቀት የተሰጠ ቀጥተኛ መልስ ነው።

በጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚታየው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ባለቤቱ ጉልበት ሲፈልግ የሚገዛው መጭመቂያውን በቺንጋው የሚያዞር አነስ ያለ ፑሊ ነው። ፑሊው ባነሰ ቁጥር መጭመቂያው ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከተሠራበት ልክ ሲያልፍ ደግሞ ብቃቱ እየወረደ የሚያሞቀው ከሚጨምቀው ይበልጣል። ባለቤቱ የግፊት መለኪያው ላይ ባየው ቁጥር ይደሰታል፤ ኮምፒውተሩ ያንኑ ያህል ከካንዴላው ጊዜ ላይ ይቀንስበታል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ስሕተት በሌላ መልክ ይመጣል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛውን ቢያክል ነው። ሱፐርቻርጀር የሚያበዛው ያገኘውን አየር ነው። ዱባይ ላይ 0.7 ባር ያህል የሚጨምር መኪና አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ባር ጥቂት አለፍ ብሎ ያሳያል፤ የሙቀቱ ጭማሪ ግን ብዙም አይለወጥም፤ የመጭመቁ ምጣኔ ያው ነውና። ተርቦ ክፍተቱን ለመሙላት የበለጠ ሊሽከረከር ይችላል፤ በቺንጋ የታሰረው ሱፐርቻርጀር ይህ አማራጭ የለውም። «ግፊቱ ጎደለ» ብሎ ፑሊ የሚያሳንስ ሰው የመለኪያውን ቁጥር ወደ 0.7 ባር ሲመልስ ተጨማሪ 18 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይገዛል። ራዲያተሩ ላይ የሚነፍሰው አየርም የሳሳ በመሆኑ የማቀዝቀዝ አቅሙ ቀንሷል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ብዙ ይደብቃል፤ መኪናው ወደ አዋሽ ቁልቁል ሲወርድ ግን ይጋለጣል። ከኋላቸው ሱፐርቻርጀር እንዳላቸው የሚናገር «ኮምፕሬሶር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው መኪኖች ያላቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ሱፐርቻርጀር መኪና ያለው ሰው ተጨማሪ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር ለመካኒኩ ይዘዝ። የገቢው አየር ሙቀት ከአጭር ረገጣ በፊት፣ በረገጣው ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ተመዝግቦ ይቅረብለት። የኢንተርኩለሩ ፓምፕም በየዓመቱ ሙቀቱ ሳይገባ ይፈተሽለት፤ ውሃው ሲዞር በዓይን ይታይ፣ የትንሹ ራዲያተር ክንፎች ከአቧራና ከነፍሳት ይጽዱ። ይህን የማያደርግ ጋራዥ ፑሊ ልቀይርልህ ካለ፣ መኪናውን ይዞ መሄድ ይሻላል።