በአዲስ የዓሣ ኩሬ የውኃውን ጨው ስለ መጠበቅ

በቆላ አገር በስሚንቶ የተለሰነ የዓሣ ኩሬ የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ውኃው ብዛት ነው እንጂ በውኃው ውስጥ ስላለው ጨው አይደለም። ነገር ግን ፀሓይ ከኩሬው የምታነሣው ውኃውን ብቻ ነው፤ ጨው ከእንፋሎት ጋራ አይወጣም። በሊትር 2 ግራም ጨው ያለበት 1000 ሊትር ውኃ እኩሌታው ቢደርቅ የቀረው በሊትር 4 ግራም ይሆናል። የጐደለውን በዚያው ጨዋማ የጕድጓድ ውኃ ቢሞሉት ወደ 2 አይመለስም፥ 3 ይሆናል፤ እንደ ገና ደርቆ ቢሞላ 4 ይሆናል። ስለዚህ የጐደለው በዝናብ ወይም በወንዝ ውኃ ሊሞላ ይገባል። ይህ ባይገኝ ከኩሬው ጥቂት ጥቂት እያፈሰሱ መለወጥ ነው፤ የሚፈሰው ውኃ ግን ወደ እርሻ እንዳይለቀቅ።

የነገሩን ክብደት የአብያታ ሐይቅ ያስረዳል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ፥ ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ ፋብሪካ ውኃ እየተሳበ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ሸሸ፥ ጨውም በረታበት። ቆሮሶው አለቀ፥ ዓሣውን ይመገቡ የነበሩት ፔሊካን የሚባሉት ወፎችም ወደ ሌላ ሐይቅ ሄዱ።

ሁለተኛው ነገር አለመቸኰል ነው። ዓሣ ከትንፋሹና ከጕድፉ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህንን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም እምብዛም ወደማይጐዳው ናይትሬት የሚለውጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1890 ገደማ የገለጣቸው፥ በእርሻ መሬትም ፍግን ለአዝመራ የሚያበጁት እነዚሁ ወገኖች ናቸው። በአዲስ ኩሬ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ይግባ፥ ምግቡም ይመጠን። በነዚህ ሳምንታት የጨው መጠን ድንገት ከፍ ዝቅ ቢል ባክቴሪያዎቹም ይደክማሉ፤ ስለዚህ ውኃውን በአንድ ቀን ሁሉን መለወጥ ከማርከስ አይሻልም።

ጨው ግን ሁሉ ጠላት አይደለም። ናይትራይት በስንጥቡ ገብቶ የዓሣውን ደም ቡናማ ሲያደርገውና ትንፋሽ ሲያሳጣው፥ በውኃው ያለ ጥቂት የምግብ ጨው መግቢያውን ይከለክለዋል። ሶዳ ግን ይህን ጥቅም አይሰጥም።

በኩሬው ዳር ምልክት ያለበት እንጨት ተተክሎ በየማለዳው የጐደለው በዚያው ቀን ጥቂት በጥቂት ይሞላ።