«መሐንዲስ ነኝ» ያለው ሰውዬ እና 500 ዶላሩ

ቴሌግራም ፕሮፋይሌ ላይ «ኢኮኖሚስት» የሚል ቃል አለ። ዲግሪዬን የያዝኩ ሰሞን የጻፍኩት ነው፤ እስካሁን ፈቃድህን አሳይ ያለኝ የለም። እኛ ሀገር እንዲያውም ከተመረቀ ማግስት ጀምሮ «ኢንጂነር እከሌ» የሚባል ሰው ሞልቷል። ለዚህ ነው የማትስ ያርልስትሮምን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ስቄ ቀጥሎ የደነገጥኩት።

ሰውዬው የስዊድን ተወላጅ ነው፤ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቋል፣ የሚኖረው አሜሪካ ኦሪገን ግዛት ነው። በ2013 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ባለቤቱ ቢቨርተን በምትባል ከተማ ቀይ መብራት ጥሰሻል ተብላ በካሜራ ተቀጣች። እሱም ቢጫው መብራት ስንት ሰከንድ መቆየት እንዳለበት ማስላት ጀመረ። ቀመሩ የ1959 ነው። ቀጥ ብሎ የሚያልፈውን ሾፌር ያስባል፤ ለመታጠፍ ፍጥነቱን የሚቀንሰውን ግን ይረሳዋል። ለእሱ ቢጫው ያጥርበታል ማለት ነው።

ግኝቱን ለግዛቱ የመሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ በኢሜይል ላከ፤ «መሐንዲስ ነኝ» ብሎ። ቦርዱ የመብራቱ ጉዳይ አይመለከተኝም አለ። የሰውዬው ጉዳይ ግን ተመለከተው! ሲመረምረው ከርሞ፣ ያለ ፈቃድ ምህንድስና ሠርተሃል ብሎ 500 ዶላር ቀጣው።

እኔን የያዘኝ ይሄ 500 ዶላር ነው። ብዙ ሰው «ቦርዶች ትልቅ ቅጣት እንዳይጥሉ ጣሪያ ይበጅላቸው» ይላል። ጥሩ፣ ይበጅ። ግን አስቡት፦ ለ500 ዶላር ጠበቃ ብትቀጥሩ የጠበቃው ሂሳብ ከቅጣቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፍላችሁ ዝም ትላላችሁ። ቅጣቱ ትንሽ በመሆኑ ብቻ ፍርድ ቤት ሳያየው ያልፋል። ያርልስትሮም የተከራከረው ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የሚባል ድርጅት በነፃ ስለቆመለት ነው።

ያለ ፈቃድ ድልድይ የሚሠራ ቢቀጣ እኔም አጨበጭባለሁ። እሱ ግን የሠራው ሒሳብ ነው። በዚያ ላይ ከሳሹም፣ መርማሪውም፣ ቀጪውም ያው ቦርዱ ነው፤ አብዛኞቹ አባላቱ ደግሞ የዚያው ሙያ ሰዎች። የሰሜን ካሮላይና የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ትዝ አለኝ። ከ8 አባላቱ 6ቱ በሥራ ላይ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሐኪም ሳይሆኑ ጥርስ የሚያነጡትን ሰዎች ሥራችሁን አቁሙ እያለ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ገበያው የማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት በቅርብ ካልተቆጣጠረው በቀር እንዲህ ዓይነት ቦርድ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ አያመልጥም ብሎ ወሰነ። ከገንዘብ ጣሪያው ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ እንዲህ ያለው ገደብ ነው፦ ማን ይቀጣል፣ በምን ጉዳይስ ይቀጣል?

ያርልስትሮም በ2017 ሲከስ ቦርዱ 500 ዶላሩን መለሰ። እሱ ግን በቃኝ አላለም። በታኅሣሥ 2018 የፌዴራል ዳኛ ራሱን መሐንዲስ ብሎ መጥራትም፣ ስለ ትራፊክ መብራት መናገርም መብቱ ነው ብላ ፈረደችለት። በ2020 ደግሞ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር የቢጫ መብራት መመሪያውን አሻሽሎ የሚታጠፉ መኪኖችን ያሰበ ስሌት አስገባ።