ስለ ኮልቾ ስም አጻጻፍ፤ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ

ኮልቾ በደቡብ ኦሞ፣ ከኦሞ ወንዝ በላይ በገደል አፋፍ ላይ ያለ የካሮ ሕዝብ መንደር ነው። ስሙ በግዕዝ ፊደል በ3 ምልክት ይጻፋል፤ በላቲን ግን 6 ምልክት ይፈልጋል። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ጸሐፊ በ«ል» ፈንታ «ር» እያገባ ኮርቾ ይለዋል። እንግዲህ የመንደሮችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ስናዘጋጅ፣ እንዲህ ያለውን ስም በፊደላችን ልንጽፈው እንችላለን ወይ? ብንጽፈውስ ምን ጥንቃቄ ያሻናል?

በፕሮግራም ውስጥ ስም ማለት፣ ቁጥር ወይም ቃል ለሚቀመጥበት ስፍራ ጸሐፊው የሚያወጣለት መጠሪያ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የፓይተን ቋንቋም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ፊደሎች የተጻፈ መጠሪያ ይቀበላል። ስለዚህ «ኮልቾ_ሕዝብ» የሚል መጠሪያ ማውጣት ይቻላል። «ኢፍ» እና «ፎር» የመሳሰሉት ትእዛዞች ግን በእንግሊዝኛ እንዳሉ ይቀራሉ።

ጥንቃቄው በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፣ ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ናቸው። ቆጠራውን በ«ኮልቾ_ሕዝብ» ጀምረን አዲሱን ድምር በ«ኮልቾ_ህዝብ» ብናስቀምጥ፣ ፓይተን ስሕተት ነው አይልም፤ አዲስ ስፍራ ይከፍትና የፊተኛው ቁጥር ሳይለወጥ ይቀራል። እህል የሚታደለው በዚህ መዝገብ ቢሆን፣ በኋላ የተቆጠሩት ሰዎች ከድርሻቸው ይጐድላሉ።

ሁለተኛ፣ ቃል የምንለይበት ሁለት ነጥብ (፡) በመጠሪያ ውስጥ አይገባም፤ በምትኩ የታች ጭረት እናገባለን። የግዕዝ አኃዝም እኩል አይታይም፤ ፓይተን «ዙር፩»ን ሲቀበል «ዙር፲»ን አይቀበልም።

ሦስተኛ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ተብሎ አይለይም። «ጎ» የተባለው ቋንቋ ደግሞ ለሌሎች የፕሮግራም ክፍሎች ክፍት የሚያደርገው በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን መጠሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ቋንቋ በግዕዝ ብቻ የተጻፈ መጠሪያ ከክፍሉ አይወጣም።

የግዕዝን ፊደል የማያውቅ የሥራ ባልደረባ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለማንበብ እንደሚቸገር አንክድም። ስለሆነም ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ለሚሠራው የላቲን ፊደል ይሻላል እንላለን። በጂንካም ሆነ በአዲስ አበባ አማርኛ አንባቢዎች ለሚሠሩበት መዝገብ ግን የአገር ስም በግዕዝ ቢጻፍ ለማረም ይቀላል። ይህም የሚጠቅመው አስቀድሞ የስሞች ዝርዝር ሲዘጋጅ ነው፤ ይኸውም አጠራሩ ከአገሩ ሰዎች አንደበት ተሰምቶ፣ ለያንዳንዱ ስም አንድ አጻጻፍ ብቻ ተመርጦ በፕሮግራሙ ራስጌ ሲሰፍር ነው። ፊደሉ የራሳችን መሆኑ ብቻውን ከስሕተት አያድንም፤ ኮልቾን አንድ መንደር አድርጎ የሚያቆየው የአጻጻፉ አንድነት ነው።