በዘይት የተሞላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፤ አመራረጡና አያያዙ



በካኩማ ሐሩር ውስጥ ተቀምጦ ስለ ቤት ማሞቂያ መነጋገር ለብዙዎቻችሁ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። እዚህ ሰው የሚፈልገው ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ሪሴትልመንት የሚያገኝ ሰው ከዚህ ሙቀት ወጥቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጉዞ በረዶ ከሚጥልበት አገር ሊደርስ ይችላል። በዚያ የመጀመሪያ ክረምት ስለ ብርድ የሚያደርገው ውሳኔ የወር ወጪውን ይነካል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ይነካል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በብርድ አገሮች በሰፊው ስለሚሸጠው፣ በዘይት ስለተሞላው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እናስረዳለን። ዘመድ ወዳጅ በውጭ አገር ያላችሁም ጽሑፉን ልታካፍሏቸው ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት፤ ከሰል በቤት ውስጥ አይነድም

በአገራችን ብርድ ሲጠና ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ወደ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። በአገራችንም ቢሆን በዚህ ምክንያት ተኝቶ የቀረ ሰው ጥቂት አይደለም። በብርድ አገር ደግሞ አደጋው ይብሳል። ምክንያቱም በዚያ ያሉ ቤቶች ነፋስ እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ መስኮታቸው ብዙውን ጊዜ ድርብ መስታወት ነው፤ በሩም ግጥም ብሎ ይዘጋል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ ግሞ ጢሱ ከጠፋ በኋላም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህ ሁሉ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ከባድ ብርድ ወርዶ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ከሰል በቤት ውስጥ በማንደድና መኪናን በጋራዥ ውስጥ አስነስተው ለመሞቅ በመሞከር ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ነበሩ። ከነዚህም መካከል የአገራችን ተወላጆች ይገኙበታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ለቤት ማሞቂያ አይሆንም። በዘይት የተሞላው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በውስጡ የሚነድ ነገር ስለሌለ ይህን ጋዝ አያወጣም።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

«ዘይት» የሚለውን ስም ሲሰሙ ብዙ ሰዎች እንደ ላምባ ምድጃ እየተሞላ የሚነድ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ዘይቱ በፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገ ነው። አይነድም፣ አያልቅም፣ አይጨመርበትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታች በኩል በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት አለ። እርሱ ዘይቱን ያሞቃል። የሞቀው ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ እየተዘዋወረ በተርታ የቆሙትን የብረት ክንፎች ያሞቃቸዋል፤ ክንፎቹም በተራቸው የክፍሉን አየር ያሞቃሉ። የሸክላ ምጣድ እሳቱ ከሥሩ ከወጣ በኋላ ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ይህም ማሞቂያ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሙቀት መስጠቱን ይቀጥላል። ድምፅም የለውም። ጉድለቱ ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ ክፍሉ እስኪሞቅ መታገሥ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ይህ ዘይት ስላለው ኤሌክትሪክ አይበላም» ሊሉ ይችላሉ። ይህ እውነት አይደለም። ማንኛውም ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከቆጣሪው የወሰደውን ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። በዘይት የተሞላውም ሆነ በማራገቢያ የሚሠራው፣ ርካሹም ሆነ ውዱ በዚህ ረገድ እኩል ናቸው። ቁጠባ የሚገኘው ከአጠቃቀሙ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አከራይዎን ይጠይቁ

ማሞቂያ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቤቱ የራሱ ማሞቂያ እንዳለውና ወጪውን ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። በብዙ ከተሞች አከራዩ ቤቱን የማሞቅ ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል። ለምሳሌ በኒውዮርክ ከተማ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ፣ ከጧቱ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 10 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የውጪው አየር ከ55 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ አከራዩ ቤቱን ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት ማድረስ አለበት። ይህም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ቤቱ ከቀዘቀዘ አከራዩን መጠየቅ መብት ነው፤ ጉድለቱን በራስ ገንዘብ መሸፈን ግዴታ አይደለም። እንግዳ ነኝ ብሎ ዝም ማለትም አይገባም።

ሲገዙ ምን ይመለከታሉ?

1ኛ/ ቮልቱን። በሰሜን አሜሪካ በተራ ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው። በእንግሊዝና በቀረው አውሮፓ 230 ቮልት ያህል ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ በሚኖሩበት አገር ይግዙ።

2ኛ/ ዋቱን። ለአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት ያህል ብሎ ማስላት የተለመደ ነው። ወርዱ 3፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ስለሆነ 1200 ዋት ያህል ይፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ከተራ ሶኬት የሚሠራ ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1500 ዋት ነው፤ ለዚህ ክፍል ይበቃል። አንዱን ትንሽ ማሞቂያ ይዞ ቤቱን በሙሉ ለማሞቅ መሞከር ግን ገንዘብ ማባከን ነው። የሚቀመጡበትን ክፍል በር ዘግተው እርሱን ብቻ ያሙቁ።

3ኛ/ የደኅንነት መሣሪያዎቹን። ማሞቂያው ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን የሚያጠፋ፣ ቢወድቅም ወዲያው የሚቋረጥ መሆኑን ያረጋግጡ። በሰሜን አሜሪካ ሲገዙ የዩኤል፣ የሲኤስኤ ወይም የኢቲኤል ምልክት ያለበትን ይምረጡ።

4ኛ/ አሮጌ ከሆነ። ከሰው እጅ የሚገዙ ከሆነ ገመዱ የተላጠ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ጫፉ የጠቆረ ወይም ከሥሩ ዘይት ያንጠባጠበ ከሆነ በነጻም ቢሰጥዎ አይውሰዱ።

ሁለቱ ማዞሪያዎችና የሚሠሩት ሥራ

በማሞቂያው ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ ይገኛል። የሁለቱን ልዩነት ማወቅ የጽሑፋችን ዋና ፍሬ ነገር ነው።

አንደኛው ኃይሉን ይወስናል። ለምሳሌ 600፣ 900 እና 1500 ዋት የሚል ደረጃ ሊኖረው ይችላል። ክፍሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሞቅ የሚወስነው ይህ ነው።

ሁለተኛው ቴርሞስታት ይባላል። ከ1 እስከ 6 የሚደርስ ቁጥር ሊጻፍበት ይችላል። ቁጥሩ ዲግሪ አይደለም። ቴርሞስታት በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ክፍሉ የተወሰነለትን ሙቀት ሲያገኝ ኤሌክትሪኩን ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፍታል።

ብዙ ሰው ብርድ ሲብስበት ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ያዞርና እዚያው ይተወዋል፤ ክፍሉ ቶሎ የሚሞቅ ይመስለዋል። 6 ላይ አደረጉት 3 ላይ፣ ክፍሉ የሚሞቅበት ፍጥነት አንድ ነው። ልዩነቱ 3 ላይ ሲሆን ክፍሉ ሲበቃው ማሞቂያው ይዘጋል፤ 6 ላይ ሲሆን ግን ዘበኛው በሩን ከፍቶ እንደተኛ ይቆጠራል። ክፍሉ ከሚያስፈልገው በላይ ይሞቃል፤ ሰውም መስኮት ይከፍታል፤ የተከፈለበት ሙቀት ወደ ውጭ ይሄዳል።

ትክክለኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው፤

ሀ/ ኃይሉን ከፍተኛው ላይ፣ ቴርሞስታቱንም መጨረሻው ላይ አድርገው ይክፈቱ።

ለ/ ክፍሉ ለሰውነትዎ ተስማሚ ሲሆን ቴርሞስታቱን «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ይመልሱ።

ሐ/ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ይተውት። ከዚያ በኋላ መክፈትና መዝጋት የቴርሞስታቱ ሥራ ነው።

መ/ ክፍሉ አንዴ ከሞቀ በኋላ ብርዱ ካልጠነከረ ኃይሉን ወደ መካከለኛው ማውረድ ይችላሉ።

ማሞቂያውን ከሶፋ ጀርባ አያስቀምጡት። ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ቴርሞስታቱን ያታልለዋል፤ ክፍሉ ሳይሞቅ ይዘጋል።

የክፍሉን ሙቀት በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያንስ ይመክራል። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለሕመምተኞች ከዚህ ከፍ ያለ ሊያስፈልግ ይችላል። በቤት ውስጥ ሹራብና ካልሲ መልበስ፣ ጋቢ መደረብ፣ በበር ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መድፈን ያለ ምንም ክፍያ የሚገኝ ሙቀት ነው።

ሂሳቡን አስቀድሞ ማወቅ

ቆጣሪው የሚቆጥረው በኪሎዋት ሰዓት ነው። 1000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 1500 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፑል 25 በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው።

ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ ይህን ማሞቂያ ሳያቋርጥ በየሌሊቱ 10 ሰዓት ቢያሠራ በሌሊት 15 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የአንዱ ዋጋ 20 ሣንቲም ነው ብንል በሌሊት 3 ዶላር፣ በ30 ሌሊት 90 ዶላር ነው። ቴርሞስታቱ በደንብ ተስተካክሎ ማሞቂያው ግማሹን ጊዜ ቢያርፍ ግን ሂሳቡ ወደ 45 ዶላር ይወርዳል። ዋጋው እንደየአገሩ ስለሚለያይ በእርስዎ ቢል ላይ የተጻፈውን ወስደው ያስሉ። ማታ ማሞቂያውን ሲከፍቱና ጧት ቆጣሪውን አንብበው መመዝገብም ጥሩ ልማድ ነው። ቢሉ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ ከመደንገጥ ያድናል።

አደጋን ስለ መከላከል

• ማሞቂያውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ባለው ሶኬት ይሰኩ። ዲቫይደርና የማስረዘሚያ ገመድ ግለው እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ። ሰክተው ከቆዩ በኋላ የሶኬቱን ጫፍ ይንኩ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ያጥፉና ባለሙያ ይጥሩ።

• በሰሜን አሜሪካ የአንድ መስመር ብሬከር ብዙውን ጊዜ 15 አምፔር ነው፤ ይህም 1800 ዋት ማለት ነው። 1500 ዋት የሚወስደው ማሞቂያ ብቻውን መስመሩን ሊሞላው ምንም አይቀረውም። በዚያው መስመር የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክተው እንጀራ ልጋግር ቢሉ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ ሲጋግሩ ማሞቂያውን ያጥፉ።

• ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከሚቃጠል ነገር ሁሉ ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት። ልብስ ወይም የሕፃን ጨርቅ በላዩ ላይ አያስጡ።

• ሁልጊዜ በመንኮራኩሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። በጉዞ ላይ ተጋድሞ ከነበረ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ አቁመው ይቆዩና ከዚያ ይክፈቱት። በመታጠቢያ ቤት አይጠቀሙበት።

• ሲግል ትንሽ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ጉዳት አይደለም፤ ብረቱ እየተለጠጠ ነው። ዘይት ካንጠባጠበ ግን ወዲያው ነቅለው ይተውት።

• ከቤት ሲወጡና ሲተኙ ያጥፉት። የመኝታ ክፍሉን ከመተኛትዎ በፊት ያሙቁ፤ ብርድ ልብስዎን ሲደርቡ ይዝጉት። በዘይቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት እንቅልፍ እስኪወስድዎ ያገለግላል። ይህን ማሞቂያ ከሌሎቹ የሚያስመርጠውም ይኸው ጠባዩ ነው።

በመጨረሻም፤ ሙቀት በችኮላ አይመጣም። ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ከሰል ለማቀጣጠል ወይም ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ለመግፋት መቸኮሉ አይቀርም። በሩን ዘግቶ፣ ልብስ ደርቦ፣ ቴርሞስታቱን በቦታው አድርጎ ጥቂት የታገሠ ግን ቤተሰቡን በደኅና አሙቆ፣ ገንዘቡንም አትርፎ ክረምቱን ይወጣል። የጉዞ ተራው ለደረሰ ሁሉ መልካም ጉዞ እንመኛለን።