ለአልቲሜትሩ የውጭ ምስክር

ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ሰማይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ በሚያልፉ ሁለት አውሮፕላኖች መካከል ያለው ክፍተት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ 2,000 ነበር። አሠራሩ በ1997 እ.ኤ.አ. በሰሜን አትላንቲክ ተጀመረ፤ በ2002 አውሮፓ፣ በ2008 ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካ ተቀበለው። ሰማዩ ብዙ አውሮፕላን ቻለ፣ ነዳጅም ተቆጠበ። ለስህተት የቀረው ቦታ ግን በግማሽ ቀነሰ።

አልቲሜትር ከፍታን አይለካም፤ የአየር ግፊትን ለክቶ ወደ ጫማ ይመነዝራል። ግፊቱ የሚገባው በአውሮፕላኑ ጎን ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። አጠገባቸው «ቀዳዳው አይደፈን፣ ዙሪያው ለስላሳና ንጹሕ ይሁን» የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎ ይታያል። እዚያ አካባቢ ያለው ቆርቆሮ በጥቂቱ ከሰረጎደ ወይም ቀለሙ ከወፈረ የሚያልፈው አየር ይረበሻል፤ ንባቡም ይዛባል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህን መዛባት የሚያይ አለመኖሩ ነው። አብራሪው 35,000 ያነባል። ትራንስፖንደሩ ለበረራ ተቆጣጣሪው ያንኑ ቁጥር ይልካል። የግጭት መከላከያው መሣሪያ እንኳ የሚያሰላው በዚያው ነው።

ስለዚህ የውጭ ምስክር ያስፈልጋል። አንድ ባለሙያ የጂፒኤስ መቀበያ ያለበት ሣጥን ይዞ ይሳፈራል፤ አንቴናዎቹን በመምጠጫ ጎማ መስኮቱ ላይ ይለጥፋል። በረራው እንደወትሮው ይቀጥላል፤ ስሌቱ የሚሠራው በኋላ ነው።

ስሌቱ ቀላል አይደለም። ጂፒኤስ የሚሰጠው እውነተኛውን ከፍታ ነው፤ አብራሪው የሚከተለው የግፊት ወለል ግን እንደ አየሩ ጠባይ ከፍ ዝቅ ይላል። በመሆኑም ያ ወለል በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር ከሜትሮሎጂ መረጃ ይወጣል። የ35,000ው ወለል በዚያን ዕለት እውነተኛ ከፍታው 35,900 ጫማ ነበር እንበል። አልቲሜትሩ ልክ 35,000 እያሳየ ጂፒኤሱ 35,760 ከመዘገበ፣ አውሮፕላኑ ሳይታወቅ 140 ጫማ ዝቅ ብሎ እየበረረ ነበር ማለት ነው። የአንድ ዓይነት አውሮፕላኖች አማካይ ስህተት ከ80 ጫማ፣ ከልዩነታቸው ጋር ሲደመር ደግሞ ከ245 እንዳያልፍ ተደንግጓል።

ዓለም አቀፉ ደንብ አየር መንገዶች ከየዓይነቱ ቢያንስ ሁለት አውሮፕላን በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ1,000 የበረራ ሰዓቱ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ ውስጥ፣ እንዲያስለኩ ያዛል። ለእኔ ይህ አይበቃም። እንደ ኦስትሪያዋ ሊንዝ የመሬት ጣቢያ በተተከለበት ቦታ ከላይ የሚያልፈው ሁሉ ይለካል፤ ሣጥኑ ግን የሚለካው የተሳፈረበትን ብቻ ነው። ሦስተኛው አውሮፕላን ቀዳዳው አጠገብ ቢሰረጎድ፣ አብራሪው አሁንም 35,000 ያነባል።