በስኳር ክትትል ያልታየው ጉበት

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ለክትትል በቀረበ ቁጥር የደሙ ስኳር ይለካል፤ የደም ግፊቱ ይታያል፤ ጫማውን አውልቆ እግሩ ይመረመራል፤ በዓመትም አንድ ጊዜ ዓይኑና ኩላሊቱ እንዲታዩ ይታዘዝለታል፤ ይህም ሥርዓት ብዙዎችን ከዓይነ ሥውርነትና ከእግር መቆረጥ የጠበቀ ስለ ሆነ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም። ይሁን እንጂ ከሰው አካላት ሁሉ ከስኳር ጋር የቀረበ ጉዳይ ያለው ጉበት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ሕመምተኛውም ስለ ጉበቱ የሚሰማው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የሐሞት ጠጠር ተጠርጥሮ ሆዱን በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ጉበቱ አጠገቡ ካለው ኩላሊት ይልቅ ነጥቶ ተገኝቶ፣ «ጉበትዎ ላይ ስብ አለ» ሲባል ነው። የመጀመሪያው መልስም የታወቀ ነው፤ «እኔ እኮ መጠጥ አልቀምስም!»

መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጥርጣሬውን የፈጠረው አሮጌው ትምህርት ነበረ። ጉበትን የሚያሰባው የአልኮል መጠጥ ብቻ ነው የሚለው አሳብ ሥር ሰዶ በመኖሩ፣ እውነቱን የተናገረ ሕመምተኛ ሁሉ በሐኪሙም በቤተ ሰቡም ዘንድ በስውር ጠጪነት ሲጠረጠር ኖሯል። በ1980 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ዩርገን ሉድቪግ የተባለው ሐኪም በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የ20 ሰዎችን የጉበት ናሙና መርምሮ፣ የጠጪ ጉበት የሚመስል ጉዳት በማይጠጡ ሰዎች ላይ እንደሚገኝ አስረዳ። ከነዚያ ሰዎች የሚበዙት ወፍራሞች፣ ብዙዎቹም የስኳር ሕመምተኞች መሆናቸው በዚያው ጽሑፍ ተመዝግቦ ነበር፤ የሁለቱ ደዌያት ዝምድና እንግዲህ ትናንት የተገለጠ ምሥጢር አይደለም።

ጉበት በስኳር ላይ ያለውን ሥልጣን አስቀድሞ የገለጠው ፈረንሳዊው ጠቢብ ክሎድ ቤርናር ነው፤ እርሱም በ1848፣ ስኳር ወደ ሰውነት የሚገባው ከምግብ ብቻ እንደ ሆነ ይታመን በነበረበት ዘመን፣ ጉበት ራሱ ስኳር እያዘጋጀ ወደ ደም እንደሚልክ አሳየ። ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ማዕዱም ከተነሣ ብዙ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አንጎሉ የሚመገበው በአመዛኙ ይህን ከጉበት የሚወጣውን ስኳር ነው፤ ነግቶ ቁርስ ሲበላም ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ወደ ጉበት ደርሶ፣ ስኳር መላኩን እንዲያቆምና የተረፈውን እንዲያከማች ያዝዘዋል። በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ስብ ሲበዛ ግን (ከመቶ ሕዋሳት ከ5 በሚበልጡት ውስጥ ስብ ሲታይ ጉበቱ የሰባ ይባላል) ጉበቱ የጌታውን ቃል ከፍሎ እንደሚሰማ ሎሌ ይሆናል፤ ስኳር መላክህን አቁም የሚለውን ትእዛዝ ቸል ይላል፤ ስብ ሥራ የሚለውን ግን አጥብቆ ይፈጽማል። ስለዚህ ምንም ሳይቀመስ በማለዳ የሚለካው ስኳር ከፍ ይላል፤ ቆሽትም ይህን ለመግታት ኢንሱሊን ይጨምራል፤ የጨመረውም ኢንሱሊን ጉበቱን ይበልጥ ያሰባዋል፤ ከጉበቱ የተረፈውም ስብ በደም አድርጎ ወደ ሌሎች አካላት፣ ወደ ራሱ ወደ ቆሽትም ይሄዳል። «ማታ በባዶ ሆዴ አድሬ ጠዋት ስኳሬ ከየት መጣ?» እያሉ ብዙዎች የሚደነቁበት ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሰባ ጉበት አላቸው፤ በአንጻሩም ስኳር ሳይኖርበት ጉበቱ የሰባ ሰው፣ ወደ ፊት በስኳር የመያዙ ዕድል ከሌላው በእጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ማን ማንን ወለደ ብሎ መከራከር ፍሬው ጥቂት ይመስለኛል፤ ሁለቱን በሁለት ክፍል፣ በሁለት መዝገብ፣ እርስ በርሳቸው በማይነጋገሩ ሐኪሞች እጅ ማስቀመጥ ግን ጉዳቱ ብዙ ነው።

ዝምድናውን ከክርክር ወደ ማስረጃ ያመጣው በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ፕሮፌሰር ሮይ ቴይለር ነው። በ2011 በታተመው ጥናቱ፣ ስኳር ያለባቸው 11 ሰዎች ለ8 ሳምንት በቀን 600 ካሎሪ ብቻ እየተመገቡ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ይህም ጽኑ ተጋድሎ ነው፤ ጤናማ ጎልማሳ በቀን ከሚመገበው ከሢሶው አይበልጥም። ገና ሰባት ቀን ሲሞላ የማለዳው ስኳራቸው ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ተስተካከለ፤ በዚያው ሳምንት የጉበታቸው ስብ ከመቶ 30 እጅ ያህል ቀነሰ፤ ቆሽታቸው ግን ኃይሉን እየመለሰ የሄደው ቀስ በቀስ በቀሩት ሳምንታት ነው። እኔ ከዚህ ጥናት የማደንቀው ይህን ቅደም ተከተል ነው፤ ጉበቱ አስቀድሞ ሲቀል የማለዳው ስኳር አብሮት ወርዷልና። ከዚያ በኋላ በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ በሚገኙ ተራ የጤና ጣቢያዎች በተደረገውና በ2017 በታተመው ሰፊ ጥናት፣ ክብደት እንዲቀንሱ በብርቱ ከታገዙት ከመቶው 46ቱ አንድ ዓመት ሲሞላ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ወሰን በታች ሆኖ ሲገኝ፣ በተለመደው ሕክምና ከቀሩት ግን ይህን ያገኙት ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ስኳሩ ከታወቀባቸው 6 ዓመት ያላለፋቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም፤ ክብደቱ የተመለሰበት ሰውም ስኳሩ ይመለስበታል።

በሃቫና የኩባ ሐኪሞች በ2015 ያወጡት ጥናት ደግሞ ከክብደታቸው ከመቶ 10 እጅ የቀነሱ ሰዎች ስቡ በጉበታቸው ላይ ያስነሣው ቁጣ (ብግነት) በአብዛኛው እንደ ጠፋ፣ ከእነርሱም ግማሽ በሚጠጉት ቁጣው የተወው ጠባሳ ጭምር እንደ ቀነሰ፣ በናሙና አረጋግጧል።

ነገሩ ለወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። በዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን፣ በደረሱ ጊዜ ስኳር ከቶ የማይታወቅባቸው ያህል የነበሩ ሰዎች፣ ኑሯቸውና ማዕዳቸው በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በመካከላቸው እየበዛ መሄዱን የዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ ቀጫጭኖች ነበሩ። በእኛም ከተሞች «ቅቤና ሥጋ ያልነካ ጿሚ ጉበቱ እንዴት ይሰባል?» የሚል ክርክር ይሰማል። ጉበት ስብ የሚሠራው ግን ከቅቤ ብቻ አይደለም፤ ከልክ ያለፈውን ስታርችና ስኳርም ወደ ስብ ይለውጣል፤ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ካለው ስኳር እኩሌታ የሚሆነው ፍሩክቶስ የሚባለው ደግሞ በብዛት የሚፈጨው በጉበት ነው። አባቶች የጾሙት በሽሮና በጎመን ነበር፤ ዛሬ በነጭ ዳቦ፣ በዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳና በለስላሳ የሚታለፈው ጾም ለጉበት ዕረፍት አይሆነውም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን ቢቆርጥ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

አደጋው የሚለካው በስቡ ብዛት ሳይሆን ስቡ በሚያስከትለው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳውም እስኪጸና ድረስ አያምም፤ የጉበት ኢንዛይምም ደኅና መስሎ ሊገኝ ይችላል። የጠባሳውን ሥጋት የሚገምተው፣ ኤፍ አይ ቢ 4 የሚባለው ሒሳብ ግን ከወረቀትና እስክሪብቶ ሌላ አይጠይቅም። ለምሳሌ ዕድሜው 56፣ ኤ ኤስ ቲ የሚባለው ኢንዛይሙ 40፣ ኤ ኤል ቲ የሚባለውም 36፣ ፕሌትሌቱም (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) 180 ሺሕ የሆነ የስኳር ሕመምተኛ ቢኖር፣ 56 በ40 ተባዝቶ 2240 ይሆናል፤ የ36 ካሬ ሥር 6 በ180 (ፕሌትሌቱ በሺሕ ተቆጥሮ) ተባዝቶ 1080 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 2.07 ይወጣል። ከ1.3 በታች ቢሆን ጠባሳው የጸና መሆኑ እምብዛም አያሠጋም ነበር (65 ዓመት ላለፈው ወሰኑ 2 ነው)፤ ይህ ሰው ግን በየሆስፒታሉ ወደማይገኘው የጉበትን መጠንከር ወደሚለካው መሣሪያ መላክ ይገባዋል፤ ጠባሳው ከተረጋገጠበትም፣ ክብደት ከመቀነስ ሌላ፣ ከ2024 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀዱ መድኃኒቶች አሉ። አራቱም ቁጥሮች ለስኳር ክትትል በታዘዘው የደም ምርመራ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ወረቀቱን ይዞ የሚገባ ሕመምተኛ ሒሳቡ እንዲሠራለት ሐኪሙን ቢጠይቅ ሐኪሙን አልደፈረም።